ዱላው የሚወድቀው ሲቀባበሉት ነው፦ ሥራና ልጅን አብሮ ለማስኬድ የሚረዳ መመሪያ

አንድ ቀን ማታ እኔና ባለቤቴ ቤታችን በር ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን። «ልጁስ?» አለኝ። «አንተ ጋ አይደል እንዴ?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ አልተርክላችሁም። ልጃችንን የሕፃናት ማቆያው ውስጥ ጫማውን አድርጎ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ከአንዲት ተንከባካቢ ጋር ብቻውን ተቀምጦ አገኘነው። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የሚገርመው የዚያን ቀን ሥራ አልበዛብንም። ሁለታችንም በሰዓቱ ነው የወጣነው። እሱ እኔ የማመጣው መሰለው፣ እኔ ደግሞ እሱ። ከዚያ ወዲህ «ሥራና ቤት ሚዛኑን መጠበቅ» የሚባለውን ነገር ተውኩት። ግራና ቀኙን እኩል አደርጋለሁ ብዬ ስታገል ዓመት አልፏል፣ ያተረፍኩት ድካም ነው። አሁን የማስበው ስለ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። እዚያ ዱላው ሲወድቅ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ሲቀባበሉት ነው። የእኛም ቀን እንደዚያ ነው። ጣጣው የሚመጣው ልጁ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በሚያልፍባቸው ደቂቃዎች ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ እነዚያን ደቂቃዎች ስለማስተካከል ነው።

1ኛ፦ የሳምንቱን ቅብብሎሽ በወረቀት አውጡት

አንድ ወረቀት አምጡ። ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ ዓምድ አስምሩ። ከላይ ወደ ታች ልጁ እጅ የሚቀይርባቸውን ሰዓታት ጻፉ። በእኛ ቤት በቀን አራት ነበሩ፦ ጠዋት ሲነሳ፣ ማቆያ ሲገባ፣ ከማቆያ ሲወጣ፣ ማታ አንዳችን ለሌላው ሰጥተን ወደ ቀረ ሥራ ስንዞር። አራት በአምስት ቀን ሃያ ነው። በሳምንት ሃያ ጊዜ ዱላው ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ሁለት ልጅ በተለያየ ቦታ የሚያውል ሰው ወደ አርባ ይጠጋል። ይህን ስቆጥር ነው ለምን ሁልጊዜ እንደምንጨቃጨቅ የገባኝ።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ያ ሰው ካልቻለ ደግሞ ማን። ሦስተኛውን ክፍት አትተዉት። «ያኔ እንደዋወላለን» ብላችሁ ካለፋችሁት፣ ያኔ ስልኩ አይነሳም።

ከዚያ ሁለተኛ ወረቀት አውጡ። እዚህኛው ላይ ማንም የማያየውን ሥራ አስፍሩ። ክትባቱ መቼ እንደሆነ ማስታወስ። ዳይፐሩ ሊያልቅ መሆኑን ማየት። ጫማው እንደጠበበው ማወቅ። ከማቆያው የመጣውን መልእክት አንብቦ መመለስ። ይህ ሁሉ በአብዛኛው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፣ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ እናትየዋ ናት። ስትከፋፈሉት «ንገሪኝና አደርገዋለሁ» በሚለው ዘዴ አትከፋፈሉ። አንዷ እያስታወሰች ሌላው የሚያደርግ ከሆነ የማስታወሱ ሸክም እዚያው አለ። ክትባቱ የእሱ ከሆነ ካርዱን የሚይዘው፣ ቀኑን የሚያስታውሰው፣ ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ልጁንም የሚወስደው እሱ ነው። እሷም በመሃል ገብታ «ረሳኸው እንዴ?» አትልም። ይቺኛዋ ለእኔ ከሁሉም የከበደች ናት፤ አሁንም አልፎ አልፎ ታመልጠኛለች።

ሌላው የተበደርነው ከአውሮፕላን አብራሪዎች ነው። እነሱ መሪውን ሲቀባበሉ በዝምታ አይለቁም። የሚቀበለው መያዙን በቃል ይናገራል፣ የሚሰጠውም መስጠቱን በቃል ያረጋግጣል። እያንዳንዳቸው «ሌላው ይዞታል» ብለው መሪውን ማንም ያልያዘበት ቅጽበት እንዳይፈጠር ነው። የእኛም ታሪክ እኮ ያው ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «ያዝኩት» ሳይባል ልጅ እጅ አይቀይርም። ፊት ለፊት ካልሆነ በስልክ መልእክት። መጀመሪያ ላይ ሳቅንበት፣ አሁን ለምደነዋል።

2ኛ፦ ልጁን የሚይዘውን ሰው ምረጡ

ምርጫው ያን ያህል ሰፊ አይደለም። እናትና አባት በፈረቃ፣ ዘመድ፣ ቤት የምትመጣ ሞግዚት፣ ወይም የሕፃናት ማቆያ።

በፈረቃ መያዝ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ግን ባልና ሚስት በር ላይ ሰላም ተባብለው የሚተላለፉ ጎረቤታሞች ይሆናሉ። እንቅልፍም ይጠፋል። ለጥቂት ወር ያዋጣል፣ ለዓመታት አልመክርም።

አያት ካለች መታደል ነው። ሆኖም «ነፃ ነው» ብላችሁ አትነሱ። ከመጀመሩ በፊት በሳምንት ስንት ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ እሷን ሲያማት ማን እንደሚይዝ ተነጋገሩ። «እማዬ፣ ሲደክምሽ ሳታፍሪ ንገሪኝ» ማለት ይቀላል። እሷ ግን አትናገርም። ስለዚህ የእረፍት ቀኗን እናንተው ቁረጡላት። ደንብም አታብዙባት። ደህንነትና እንቅልፍ ላይ ጸንታችሁ ቁሙ፣ የቀረውን እለፉት። አብዝታ አቀፈችው ብሎ እናትን መገሠጽ ነውርም ነው፣ ጥቅምም የለው።

ሞግዚት የምትቀጥሩ ከሆነ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የእረፍት ቀን፣ ስትታመም የሚሆነው፣ ልጅ ከመያዝ ውጪ የሚጠበቅባት ሥራ ካለ እሱም ይጻፍ። ልጅ ይዛ ቤት አጽጂ፣ ልብስ እጠቢ፣ አብስይም የተባለች ሴት ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ብታስቀምጠው በማን ይፈረዳል? የመጀመሪያውን ሳምንት አብራችኋት ዋሉ። ሕፃን ሲያንቀው የሚደረገውን የመጀመሪያ እርዳታ ታውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ካላወቀች አብራችሁ ተማሩ፤ እናንተም ያን ያህል የምታውቁ አይመስለኝም። እሷም የራሷ ቤት፣ ምናልባትም የራሷ ልጅ እንዳላት አትርሱ። እናንተ ማታ አንድ ሰዓት ስትዘገዩ የእሷም ቅብብሎሽ ይፈርሳል።

ማቆያ ከመረጣችሁ ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ሳትናገሩ። ሳይነገራቸው ለመጡ ወላጆች በር የማይከፍት ማቆያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ስትገቡ መጀመሪያ ቁጠሩ፦ አንድ ሰው ስንት ሕፃን ይዟል? በእንግሊዝ ያለው ደንብ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለ3 ልጅ አንድ ተንከባካቢ ይላል። ይህን እንደ መለኪያ ያዙት። አንዲት ሴት ብቻዋን ስምንት ሕፃን ይዛ ካያችሁ፣ መልአክ ብትሆን እንኳ አትችለውም። ቀጥሎ የሚተኙበትን እዩ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው፣ በማይሰረጉድ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ አሻንጉሊት መተኛት አለበት። ዳይፐር የቀየረችው ሴት እጇን ስትታጠብ ታያላችሁ? ልጁን ማን መጥቶ መውሰድ እንደሚችል የሚመዘግቡበት መዝገብ አለ? ሠራተኞቹ ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው? በየሦስት ወሩ ፊት የሚቀያየርበት ቤት ልጅ አይለምድም። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ልጅ ያለበት ቤት ይንጫጫል። ጭር ያለ ማቆያ እኔን ያስፈራኛል።

ከቤት ይቅረብ ወይስ ከሥራ? የእኔ መልስ ከቤት ነው። ከአንዳችሁ መሥሪያ ቤት አጠገብ ከሆነ ሁልጊዜ የሚያመላልሰው ያ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ከቤት ሲቀርብ አባትም፣ እናትም፣ አክስትም፣ ጎረቤትም ሊያመጣው ይችላል። እናቲቱ በቀን አንዴ ብቅ ብላ የምታጠባ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከእሷ ሥራ አጠገብ ይሁን።

3ኛ፦ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ተለማመዱ

ሕፃናት ወደ 8 ወር ገደማ ሲደርሱ ከወላጅ መለየትን መፍራት ይጀምራሉ። ከ10 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ይህ የዕድገት ምልክት ነው። ልጁ እናንተ ከዓይኑ ስትርቁም የሆነ ቦታ እንዳላችሁ ገብቶታል፣ እንደምትመለሱ ግን ገና አላመነም። ሥራ የምትጀምሩበት ቀን በዚህ መሃል ከወደቀ ልምምዱን አስረዝሙት።

ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ አብራችሁት ቆዩ። ቀጥሎ አንድ ሰዓት ትታችሁት ውጡ። ከዚያ ግማሽ ቀን። ከዚያ ሙሉ ቀን፣ እናንተ ቤት እያላችሁ፣ ስልካችሁ አጠገባችሁ ሆኖ። ሥራ የምትጀምሩበትን ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ሰኞ አታድርጉት። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ቀን ሠርታችሁ ቅዳሜና እሑድ ይደርስላችኋል። ለልጁም ለእናንተም።

ስንብቱ አጭር ይሁን። ሳም፣ «ሥራ ሄጄ እመጣለሁ»፣ ዘወር፣ ውጣ። ሰርቆ መውጣት የሚቀል ይመስላል፣ ግን ልጁ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከእናንተ አይነቅልም። ማልቀሱ አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት መስኮቱ ሥር ተደብቄ አዳምጥ ነበር። አራተኛ ደቂቃ ላይ ሲስቅ ሰማሁት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ከፋኝ።

4ኛ፦ የምታጠቡ ከሆነ

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት የጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ነው። የወሊድ ፈቃድ ግን በብዙ ቦታ ከ6 ወር ያነሰ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ዝቅተኛውን 14 ሳምንት ያደርገዋል። ያው ስምምነት ለምታጠባ ሠራተኛ የሚሰጠው የማጥቢያ ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይላል። ያልተቀበሉት አገሮች ብዙ ናቸው። የእናንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ከፈቃድ ሳትመለሱ አንብቡ። የሰው ኃይል ክፍሉ ራሱ የማያውቅበት ጊዜ አለ።

ስንት ልለብ ለምትል እናት፦ ከ1 እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን እናቱ በሌለችበት በሰዓት በግምት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ለዘጠኝ ሰዓት ከ270 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሥራ ላይ ልጁ በሚጠባበት ልክ፣ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ እለቢ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ አይደለም። ማንም ምሳውን እዚያ አይበላም። በሩ የሚዘጋ ማንኛውም ክፍል ጠይቂ።

የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን። ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ድረስ ጥሩ ነው፣ እስከ 12 ወርም ይቻላል። ዕቃው ላይ ቀን ጻፉበት፣ የቆየውን አስቀድሙ። ሲሞቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ እንጂ በማይክሮዌቭ አይደለም። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ ለብ አድርጎ ሌላውን ያፈላዋል፣ አፍ ያቃጥላል። በረዶው ከሟሟ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፣ ተመልሶ አይቀዝቅዝ። ልጁ ጀምሮ የተወው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፤ ልጁን የምትይዘው ሴት ደውላ አትጠይቃችሁም፣ ታፍራለች። ስትደፉት እንባ እንባ ቢላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።

5ኛ፦ ከአለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ

«ልጅ ስላለኝ እርዱኝ» ብላችሁ አትግቡ። የተቆረጠ ሐሳብ ይዛችሁ ግቡ። እኔ ያልኩት በግምት እንዲህ ነበር፦ «አቶ እከሌ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ልውጣ። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚመጣ ነገር ካለ ማታ 3 ሰዓት ላይ አየዋለሁ። አንድ ወር እንሞክረው፣ ካልሠራ እንነጋገራለን።» ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ሥራው የት እንደሚሄድ ይናገራል። ሁለተኛ፣ የአንድ ወር ሙከራ ለመፍቀድ ቀላል ነው፣ ለዘለዓለም መፍቀድ ግን አለቃን ያስፈራል። «አስብበታለሁ» አለ። በሦስተኛው ቀን «ሞክሪው» አለኝ።

ከዚያ የምትወጡበትን ሰዓት በጋራ የቀን መቁጠሪያው ላይ እንደ ስብሰባ አስመዝግቡት። ባዶ ቦታ ካለ ሰው ይሞላዋል። ስብሰባ ሲረዝም «ይቅርታ፣ ልጄ...» እያላችሁ ጎንበስ ጎንበስ አትበሉ። «10 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ» ብላችሁ መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሱ። አባቶችም እንዲሁ። አባት ልጅ ላመጣ ነው ብሎ ሲወጣ «ጎበዝ አባት» ይባላል፣ እናት ስትወጣ «ይቺ ደግሞ ልጇን...» ይባላል። ይህ የሚለወጠው ብዙ አባቶች ሲወጡ ብቻ ይመስለኛል።

ከቤት ለምትሠሩ አንድ ቃል፦ ከቤት መሥራት ልጅ ጠባቂን አይተካም። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አጠገቡ ኮምፒዩተር ከፍቶ ሠራሁ የሚል ሰው ወይ ሥራውን አልሠራም፣ ወይ ልጁን አላየውም።

6ኛ፦ ጠዋትን ከማታ ጀምሩት

ልብስ፣ ቦርሳ፣ ጫማ፣ ቁልፍ ማታውኑ በር ሥር ይቀመጡ። ጠዋት ከልጁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ። ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት በ15 ደቂቃ ቀድሞ እንደሆነ አድርጋችሁ ቁጠሩ፣ ምክንያቱም ልክ በር ላይ ስትደርሱ ዳይፐሩ ይሞላል። ሁልጊዜ። ከፍ ላለ ልጅ ምርጫ ስጡት፣ ግን ሁለት ብቻ፦ ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን? «ምን ትለብሳለህ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ቀን አረፈዳችሁ።

7ኛ፦ ልጁ የታመመ ቀን

ዱላው አብዝቶ የሚወድቀው እዚህ ነው። ማቆያ የሚውሉ ትንንሽ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ጉንፋን ይይዛቸዋል። በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ቢታመሙ የተለመደ ነው። ስለዚህ ድንገተኛ ነገር ነው ብላችሁ አትዩት። እንደሚመጣ የታወቀ፣ ቀኑ ብቻ ያልታወቀ ነገር ነው። በዓመት ፈቃዳችሁ ላይ ጥቂት ቀናት ለዚህ ብላችሁ አስቀምጡ። ሁሉንም በእረፍት የጨረሰ ወላጅ ቀን ሲከፋ መግቢያ ያጣል።

ማን ይቀራል የሚለውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ልጁ እያለቀሰ አትወስኑ። አስቀድማችሁ ደንብ አውጡ። የብዙ ቤት ደንብ ሳይነገር «ደመወዙ ያነሰው ይቅር» ነው። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ያ ሰው እየቀረ ሥራው ላይ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ኋላ ስለቀረ ደመወዙ አያድግም፣ ደመወዙ ስላላደገ በሚቀጥለውም እሱ ይቀራል። የእኛ ደንብ በየተራ መቅረት ነው፣ አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለው፦ እሑድ ማታ እያንዳንዳችን በሳምንቱ ፈጽሞ የማንቀርበትን አንድ ቀን እናስመዘግባለን። ከዚያ ውጪ ተራ የደረሰው ይቀራል። ቀኑን መክፈልም ይቻላል። አንዱ እስከ 6 ሰዓት፣ ሌላው ከ6 ሰዓት በኋላ። እዚህም «ያዝኩት» ይባላል።

መቼ ነው የሚቀረው? የሙቀት መለኪያ ይኑራችሁ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው፣ ቤት ይቀራል። መድኃኒት ሳይወስድ ትኩሳቱ 24 ሰዓት እስኪጠፋ አይመለስም። አስመልሶት ወይም አስቀምጦት ከሆነ ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ንፍጥ ብቻ ከሆነና እየተጫወተ ከሆነ ይሄዳል፤ ንፍጥ ባለ ቁጥር ከቀረ ማንም ልጅ ማቆያ አይሄድም። አንድ ኑዛዜ አለኝ። አንድ ጊዜ ትልቅ ስብሰባ ነበረብኝና ጠዋት ሙቀት የሚያወርድ ሽሮፕ ሰጥቼው ዝም ብዬ ላክሁት። 5 ሰዓት ላይ መድኃኒቱ ሲያልቅ ትኩሳቱ ተመለሰ። ስብሰባው መሃል ተደወለልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ክፍል ታመመ። ተንከባካቢዋ ምንም አላለችኝም፣ ግን አየችኝ።

ከሁሉም በላይ እነዚህን በጽሑፍ አድርጋችሁ ልጁን ለሚይዘው ሰው ሁሉ ስጡ። ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪ ከሞቀ ሳይዘገይ ሐኪም ጋ ይሂድ። በማንኛውም ዕድሜ ያለ ትንሽ ልጅ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ እናንተን ሳይጠብቅ ይወሰድ። «እናቱ ትምጣና» የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ የልጁ ክብደት፣ የማይስማማው ነገር፣ ሐኪሙ ያዘዘለት የመድኃኒት መጠን፣ የሦስት ሰው ስልክ ይኑር። ክብደቱን በየጥቂት ወሩ አስተካክሉት፤ የሽሮፕ መጠን በክብደት ነው የሚታዘዘው። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ያንኑ መድኃኒት እንዳይሰጠው ደግሞ የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ። ልጁ በተቀባበለ ቁጥር ወረቀቱም አብሮት ያልፋል።

ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ በየመስመሩ የምትጽፉት ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም «ካልቻለ ማን» የሚለው፣ ሕይወታችሁ ነው። በእሱ ላይ ሁለት ስም ያስፈልጋችኋል። እንደ እናንተ ብቻውን የሚያሳድግ ሌላ ወላጅ ካለ በውለታ ተቀያየሩ፦ እኔ ማክሰኞ የአንቺንም አመጣለሁ፣ አንቺ ሐሙስ የእኔንም። ውለታ ተቀባይ ብቻ ስትሆኑ መጠየቅ ያሳፍራል። ሰጪም ስትሆኑ ስልክ ማንሳት ይቀላል። የእነዚያን ሰዎች ስም ማቆያው መዝገብ ላይ ዛሬውኑ አስገቡ። በችግር ቀን «ስምዎ የለም» ተብሎ ሰው ከበር ሲመለስ አይቻለሁ፤ ማቆያው ልክ ነበር።

8ኛ፦ ከሥራ የተመለሳችሁበት ሰዓት

ሒሳቡን አንድ ጊዜ ሥሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የቀኑም እንቅልፍ ተጨምሮ፣ ከ4 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ 1 እና 2 ዓመት ለሆነው ከ11 እስከ 14፣ 3 እና 4 ዓመት ለሆነው ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የሦስት ዓመት ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳና ቀን አንድ ሰዓት የሚተኛ ከሆነ፣ 11 ሰዓት እንዲሞላለት ማታ 2 ሰዓት ተኩል መተኛት አለበት። እናንተ ቤት የምትገቡት 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሁለት ሰዓት ነው ያላችሁ። ራት፣ መታጠብና ጥርስ መቦረሽ ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ።

ታዲያ ሁለቱን ሰዓት እንዴት? ከገባችሁበት ደቂቃ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃ ለልጁ ብቻ ስጡት። ወለል ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ወጥ ቤት አትግቡ። እኔ መጀመሪያ ራት ላድርስና ከዚያ እንጫወታለን እል ነበር፣ እሱ ግን ቀሚሴን ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለቅስ ነበር። ሃያውን ደቂቃ ሳስቀድም ግን ጠግቦኝ ራሱ ይሄዳል። ይህም ቅብብሎሽ ነው፣ ከማቆያው ወደ እናንተ። ቸኩላችሁ ከተቀበላችሁት ከእጃችሁ ይወድቃል።

ራት ለማድረስ ስክሪን ልትሰጡት ይዳዳችኋል። ያው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላቸው ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እኔ ከዚህ ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው። ሐሙስ ማታ ላይ ጉልበት ከየት ይምጣ። ግን ለመኝታ አንድ ሰዓት ሲቀረው መዝጋትን አልጥስም፣ ምክንያቱም የሚቀጣው እኔን ነው፤ አይተኛም።

ራትን በተመለከተ፣ እሑድ አብስሎ ማስቀመጥ ከቻላችሁ ጥሩ። ካልቻላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን የትናንቱ ይሞቃል። ልብስ አልተተኮሰም ብሎ የሞተ ሰው የለም። ቤቱ ሲዝረከረክ እንግዳ ይመጣል፣ ይምጣ።

9ኛ፦ እሑድ ማታ 15 ደቂቃ

ልጁ ከተኛ በኋላ ወረቀቱን አውጡና ተቀመጡ። የሚቀጥለውን ሳምንት ሃያ መስመር እለፉባቸው። ማን ሥራ ያመሻል? ማቆያው ዝግ የሆነበት ቀን አለ? የማንቀርበት ቀናችን የትኛው ነው? ባለፈው ሳምንት የወደቀ ዱላ ካለ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይሆን የትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ ተነጋገሩ። እኛ ያን ስናይ ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሚወድቅ አገኘን። ማክሰኞ የባለቤቴ ስብሰባ ሁልጊዜ ይረዝማል። ሦስት ወር ሙሉ በእሱ ስናደድ ከርሜ መፍትሔው ማክሰኞን ከሐሙስ መቀያየር ሆነ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ አቁሙ። ካላቆማችሁ ወደ ገንዘብና ወደ አማት ይዞራል።

በመጨረሻ ለነገው ጠዋት ያለውን አንድ መስመር ድምፅ አውጥታችሁ ተባባሉ። ወረቀቱ ላይ ቢኖርም። በእኛ ቤት መብራት ከመጥፋቱ በፊት እኔ «ነገ ማን ነው?» እላለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ «ያዝኩት» ይላል።